ሰፌድ የለበሰው ኤሲ

[ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ የዓብዱላሂና የሐሊማ ቤት። ነደባ በሚባሉት ቀያይ የመቀመጫ መደቦች ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሰፌድ፣ በሙዳይና በሳህን ተሸፍኗል። መካከሉ ላይ ግን አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የዓብዱላሂ ወንድም ፈይሰል ከጅዳ የላከው ነጭ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ፣ ተሰቅሏል። ዓብዱላሂ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግድ ሰው ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ሱቁን ለረዳቱ ለሪድዋን ትቶ ቤት ውሏል። ኤሲው ሲከፈት ጥሩ ይጀምርና ጥቂት ቆይቶ ትንፋሹ ይጠፋል፤ ከዚያ ውኃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ነገ ከጁምዓ በኋላ ደግሞ ሴት ልጁን ኢክራምን ለጋብቻ የጠየቀው ወጣት ቤተሰቦች ከድሬዳዋ ይመጣሉ። ዓብዱላሂ ለወጣቱ አባት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ቤቴ ስትገቡ የድሬን ሙቀት ትረሱታላችሁ" ብሏቸዋል። አሁን መሰላል ላይ ቆሟል። ባለቤቱ ሐሊማ አንድ ትልቅ ሰፌድ ታቅፋ ከታች ቆማለች።]

ሐሊማ፦ እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው። ባለሙያ ይጠራ።

ዓብዱላሂ፦ እኔም ያልኩት አንድ ነገር ነው። መሰላሉን ያዢ።

ሐሊማ፦ ይዤዋለሁ። በአንድ እጄ መሰላል፣ በአንድ እጄ ሰፌድ። ሌላ እጅ ቢተርፈኝ በሱ ስልክ እደውል ነበር።

ዓብዱላሂ፦ ባለሙያ የሚጠራው ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው ነገር ሲበላሽ ነው። ይሄ እኔም የማውቀው ነገር ነው።

ሐሊማ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ዓብዱላሂ፦ ከተበላሸ ጀምሮ።

ሐሊማ፦ ማሻአላህ። ባይበላሽ ኖሮ ሳታውቀው ልትቀር ነበር።

ዓብዱላሂ፦ ደግሞ ኤሲ የሚጠግን ሰው ሁሉ የድሬ ሰው ነው። ዛሬ አንዱን ብጠራ ወሬው ከኛ ቀድሞ አማቾቻችን ቤት ይገባል። "ዓብዱላሂ የተበላሸ ማሽን ሰቅሎ ነው የሚጠራን" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ኢክራም እዚያ ቤት በምን ፊቷ ነው የምትገባው?

ሐሊማ፦ ሸዋ በር ቡሽራ የሚባል አለ። የሐረር ልጅ ነው፤ ወሬም አያበዛም ይላሉ።

ዓብዱላሂ፦ ወሬ የማያበዛ ባለሙያ ሥራውን በደንብ አያውቅም ማለት ነው። የሚያውቅ ሰው ያስረዳል። አሁን አንቺ የምታዪው ምንድን ነው? ፕላስቲክ ሳጥን። እኔ የማየው የአየር ጉዞ ነው። ላስረዳሽ?

ሐሊማ፦ እምቢ ብል ትተወዋለህ?

ዓብዱላሂ፦ ይሄ ማሽን ብርድ አይሠራም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብርድ የሚሠራ ማሽን በዓለም ላይ የለም። የዚህ ሥራው ከቤት ውስጥ ሙቀት እየለቀመ ወደ ውጭ መጣል ነው። ልክ አንቺ ቤት ጠርገሽ ጥራጊውን እንደምታወጪው።

ሐሊማ፦ እኔ ስጠርግ ግን ነደባው ላይ ውኃ አላንጠባጥብም።

ዓብዱላሂ፦ እሱ ጋ እንደርሳለን፤ በቅደም ተከተል ነው የምንሄደው። እዪ፣ በላይ በኩል፣ በዚች ወንፊት በምትመስለው፣ የቤቱን አየር ይስባል። ውስጥ የቀዘቀዘ ቱቦ አለ። አየሩ በቱቦው ላይ ሲያልፍ ሙቀቱን እዚያ ጥሎ፣ በታች በኩል ቀዝቅዞ ይወጣል። ገባሽ?

ሐሊማ፦ በላይ ይስባል፣ በታች ይተፋል።

ዓብዱላሂ፦ አንቺ እኮ በትዕግሥት ከነገሩሽ ይገባሻል።

ሐሊማ፦ አልሃምዱሊላህ። ታዲያ የሚስበው አየር ከየት ነው የሚመጣው?

ዓብዱላሂ፦ ከላዩ፣ ከፊቱ፣ ከየትም። አየር የሌለበት ቦታ አለ?

[ሐሊማ የታቀፈችውን ሰፌድ ታያለች። ከዚያ ባሏን ታያለች። ዓብዱላሂ የኤሲውን ክዳን ከፍቶ ፊልተሩን ይመዛል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደ ጌጥ ይመለከተዋል።]

ዓብዱላሂ፦ ንጹሕ ነው። ትናንት ያጠብኩት ነው እኮ።

ሐሊማ፦ ከትናንት በስቲያም አጥበኸዋል። ሙሽራዋ እንኳ ይሄን ያህል አልታጠበችም።

ዓብዱላሂ፦ ፊልተር ማጠብ የባለቤቱ ሥራ ነው። ለዚህ ባለሙያ መጥራት ነውር ነው። አቧራ ከያዘ አየር አያሳልፍም፤ አየር ካላለፈ ማሽኑ ይታፈናል። የመጀመሪያ ቀን ያወጣሁትን አቧራ አላየሽም?

ሐሊማ፦ አይቼዋለሁ። አቧራ ሳይሆን ከልብስህ የረገፈ ቅመም ነው። ወጥ ውስጥ ብጨምረው ማንም አያውቅም ነበር።

ዓብዱላሂ፦ [ፊልተሩን መልሶ ክዳኑን እየገጠመ] አሁን ተመልከቺ። ቢስሚላህ።

[ሪሞቱን ይጫናል። ኤሲው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ቀዝቃዛ አየር ቤቱን ይሞላዋል። የዓብዱላሂ ፊት ይበራል።]

ዓብዱላሂ፦ እጅሽን ዘርጊ።

ሐሊማ፦ [ዘርግታ ወዲያው እየሰበሰበች] ያ ረቢ። ይበርዳል።

ዓብዱላሂ፦ በይ አሁን ተናገሪ። ባለሙያው ማን ነው?

ሐሊማ፦ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል። ልሸፍነው?

ዓብዱላሂ፦ ሸፍኚው። የተስማማነው እንደዚያ አይደል? ማሽኑ የኔ፣ ግድግዳው ያንቺ።

ሐሊማ፦ የድሬ ሴቶች ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳውን ነው። የልጅቷም የእናቷም እጅ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። መካከሉ ላይ ፕላስቲክ ካዩ "ስፌቱ አልቆባቸው ነው የጠገኑት" ይላሉ።

ዓብዱላሂ፦ እኔም እኮ ለዚህ ነው የተስማማሁት። ብርዱ ይሰማ፣ ማሽኑ አይታይ። አቀብዪኝ።

[ሰፌዱን ተቀብሎ ራሱ ከኤሲው በላይ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ኤሲው ሙሉ በሙሉ ይሰወራል። ግድግዳው ያምራል። ባልና ሚስት ነደባው ላይ ይቀመጣሉ። ሐሊማ ሹራብ ትደርባለች።]

ዓብዱላሂ፦ ሹራቡ ምን ይሠራል?

ሐሊማ፦ ነገ ሲበርደኝ እንግዳ እንዳይሆንብኝ ቀድሜ ልለምደው ብዬ ነው።

ዓብዱላሂ፦ በኤሲ ላይ መቀለድ የሚቀናው ድሬ ወርዶ ያላደረ ሰው ነው። ነገ የልጁ አባት እዚህ ጋ ይቀመጣሉ፣ እዚህ ጋ፣ ከሥሩ። እኔ ሪሞቱን በእጄ ይዤ ከጎናቸው። ወሬ እያወራን ሳያዩኝ ዝቅ አደርገዋለሁ። ከዚያ "ዓብዱላሂ፣ ምንድን ነው ይሄ ነፋስ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ "የቱ?" እላለሁ።

ሐሊማ፦ "የቱ" የምትለውን ተለማምደኸዋል?

ዓብዱላሂ፦ ትንሽ።

ሐሊማ፦ ጥሩ። አሁንም "የቱ" በል፤ ነፋሱ የለም።

[ዓብዱላሂ ቀና ይላል። እውነት ነው፤ ነፋሱ የለም። ኤሲው ከሰፌዱ ኋላ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። አንዲት ጠብታ ነደባው ላይ ታርፋለች። ሌላዋ ትከተላለች። ሐሊማ ቀድማ ያዘጋጀችውን ጎድጓዳ ሳህን ከሥር ታስቀምጣለች። ዓብዱላሂ መሰላሉ ላይ ወጥቶ የሰፌዱን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ይመለከታል።]

ዓብዱላሂ፦ ሐሊማ። በረዶ ሠርቷል።

ሐሊማ፦ ጥሩ ነው መጥፎ?

ዓብዱላሂ፦ እንዴት መጥፎ ይሆናል? ማቀዝቀዣ በረዶ ከሠራ ከሚጠበቅበት በላይ ሠራ ማለት ነው።

ሐሊማ፦ ታዲያ ቤቱን ለምን አላቀዘቀዘውም?

ዓብዱላሂ፦ [ጥቂት አስቦ] ብርዱን ለራሱ አስቀርቶት ነው።

ሐሊማ፦ ስስታም ነው በለኛ። ጅዳ የኖረ አይመስልም።

ዓብዱላሂ፦ ስስት ሳይሆን ሳይንስ ነው። ስሚኝ፣ ይሄ ራሱ ደስ የሚል ነገር ነው። ቱቦው ቀዝቃዛ ነው። በላዩ ላይ የሚያልፈው አየር ካነሰ የሚያሞቀው ነገር ያጣል። ሲብስበት እርጥበቱ እላዩ ላይ ይረጋና በረዶ ይሆናል። በረዶው አየሩን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሲቀልጥ ደግሞ ይንጠባጠባል። ውኃው ጋ እንደርሳለን አላልኩሽም? ይኸው ደረስን።

ሐሊማ፦ የሚያልፈው አየር ካነሰ።

ዓብዱላሂ፦ አዎ።

ሐሊማ፦ ለምን ያንሳል?

ዓብዱላሂ፦ እሱ ነዋ ጥያቄው። የምመረምረው እሱን ነው።

ሐሊማ፦ አንድ የማይረባ ነገር ልጠይቅህ?

ዓብዱላሂ፦ ጠይቂ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ሐሊማ፦ አየር በሰፌድ ውስጥ ያልፋል?

ዓብዱላሂ፦ [በርኅራኄ ፈገግ ብሎ] ሰፌድ ምንድን ነው? ሳር ነው። ሳር ደግሞ በተፈጥሮው ይተነፍሳል።

ሐሊማ፦ እኔ የሰፋሁት ውኃ አያሳልፍም። እናቴ ስታስተምረኝ ውኃ አፍስሳበት ነበር የምትፈትነኝ፤ አንዲት ጠብታ ካለፈች አስፈትታ ታሰፋኛለች።

ዓብዱላሂ፦ ውኃ ሌላ፣ አየር ሌላ። አንቺ የምታወሪው ስለ ስፌት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ማሽን። ሁለቱን አትቀላቅያቸው፣ ሐሊማዬ።

ሐሊማ፦ አስተግፊሩላህ። ሁለተኛ አልቀላቅልም።

[ዓብዱላሂ ኤሲውን ያጠፋል፣ ሰፌዱን አውርዶ ሐሊማን ያስታቅፋታል፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ደግሞ ያበራዋል። ኤሲው ያለ አንዳች ችግር ይተነፍሳል። ዓብዱላሂ በጥርጣሬ ያየዋል።]

ዓብዱላሂ፦ አሁን ይሠራል። ተንኮለኛ ነው። ሳየው ይሠራል፤ ዞር ስል ይተዋል።

ሐሊማ፦ ያፍርሃል ማለት ነው።

ዓብዱላሂ፦ የውጭውን አካል ሳላየው ነው የቀረሁት። ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። የለቀምነው ሙቀት የሚወጣው በሱ ነው፤ መውጫው ከታፈነ ውስጡም ይታመማል። ደርሼ መጣሁ።

[ወደ መንደሩ ጠባብ መንገድ ይወጣል። ከውጭ የማስነጠስ ድምፅ ይሰማል። ደግሞ ይሰማል። ዓብዱላሂ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው እየወረደ ይመለሳል።]

ሐሊማ፦ ምነው? እንዲህ አዝነህ አይቼህ አላውቅም።

ዓብዱላሂ፦ ጎረቤታችን ናፊያ ናት። ከውጭው ማሽን ፊት ለፊት በርበሬ አስጥታለች።

ሐሊማ፦ "ከፀሐይ ይልቅ የባልሽ ማሽን ያደርቃል" ብላኛለች። አመስግኚልኝም ብላኝ ነበር፤ ረስቼው ነው።

ዓብዱላሂ፦ [ዓይኑን እየጠረገ] ሳይንሱ ገብቷታል ማለት ነው። ጎበዝ ናት።

ሐሊማ፦ እንግዲህ ይሄ ኤሲ ከመጣ ጀምሮ የጠቀመው ናፊያን ነው።

ዓብዱላሂ፦ እሷም ቅሬታ አላት። "ሙቀቱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል፤ አቦ አንድ ዓይነት አድርገው፣ በርበሬዬ ሊሻግትብኝ ነው" አለችኝ። ትሪዋን ግን ወደ ጎን አስጠጋችልኝ።

ሐሊማ፦ መቼ መቼ ነው የሚጠፋው አለችህ?

ዓብዱላሂ፦ እሱን እንኳ በደንብ አስተውላዋለች። "እናንተ ስትጨቃጨቁ ይመጣል፤ ጸጥ ስትሉ ይጠፋል" አለች።

ሐሊማ፦ [ሰፌዱን በሁለት እጇ ይዛ] የምንጨቃጨቀው መቼ ነው?

ዓብዱላሂ፦ ስጠግን ነዋ።

ሐሊማ፦ ጸጥ የምንለውስ?

ዓብዱላሂ፦ ጠግኜ ስጨርስ። [ይቆማል። ግንባሩን ይነካል። ሐሊማ ትንፋሿን ትይዛለች።] ሐሊማ፣ ገባኝ።

ሐሊማ፦ ገባህ?

ዓብዱላሂ፦ መብራት ነው።

ሐሊማ፦ [ትንፋሿን ለቅቃ] መብራት።

ዓብዱላሂ፦ እኛ ጠግነን ስንጨርስ፣ ጸጥ ስንል፣ ጎረቤቱም ጸጥታ አገኘ ማለት ነው። ጸጥታ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ቴሌቪዥን ይከፍታል። ሁሉም ሲከፍት ኃይሉ ይወርዳል፤ ማሽኑ ይደክማል። እኔ የናፊያን ቃል ባልሰማ ኖሮ መቼም አልደርስበትም ነበር።

ሐሊማ፦ ወላሂ እኔም አልደርስበትም ነበር።

ዓብዱላሂ፦ ጥሩነቱ ከሪድዋን ስታብላይዘር ተውሻለሁ። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል። ይኸው።

[ስታብላይዘሩን ይሰካል። የኃይል መለኪያው መርፌ ቦታዋ ላይ ቀጥ ትላለች። ኤሲው ይነፍሳል። ሐሊማ "ልሸፍነው?" ትላለች፤ ዓብዱላሂ መርፌዋን እያየ "ሸፍኚው" ይላታል። ይሰቀላል። ይቀመጣሉ። መርፌዋ ቀጥ እንዳለች ናት፤ ነፋሱ ግን ቀስ እያለ ይሞታል። ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ጠብታ ይሰማል። ዓብዱላሂ ተነሥቶ ከበሩ ኋላ አንድ ትልቅ መፍቻ ያመጣል።]

ሐሊማ፦ ይሄ ከየት መጣ?

ዓብዱላሂ፦ ሶፊ ገጠር ካለው ከአጎቴ። ጫቱን የሚያጠጣበትን የውኃ ፓምፕ የሚፈታበት ነው።

ሐሊማ፦ ኤሲው ጫት ሊያጠጣ ነው?

ዓብዱላሂ፦ ጋዙ አልቆ ይሆናል። ሌላ የቀረ ነገር የለም። [መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሰፌዱን ለሐሊማ ያቀብልና ወደ መዳብ ቱቦው ይጠጋል] ይቺን ብሎን ትንሽ ላላ አድርጌ፣ ጋዝ መኖር አለመኖሩን ላዳምጥ።

[ሐሊማ ሰፌዱን ነደባው ላይ አስቀምጣ፣ መጥታ መሰላሉን በሁለት እጇ ትይዛለች። ድምፅዋ ከእስካሁኑ የተለየ ነው።]

ሐሊማ፦ የኢክራም አባት። ጋዝ ካለስ?

ዓብዱላሂ፦ ካለማ ሽሽ ይላል።

ሐሊማ፦ ሽሽ ካለ በኋላስ?

ዓብዱላሂ፦ እ... ወጣ ማለት ነው።

ሐሊማ፦ ትመልሰዋለህ?

ዓብዱላሂ፦ መሙያው የለኝም።

ሐሊማ፦ መለኪያውስ?

ዓብዱላሂ፦ ያለኝ ጆሮ ነው።

ሐሊማ፦ የሚወጣው ጋዝ እጅህን ቢያቃጥልህ፣ ነገ ሽማግሌዎቹን በየትኛው እጅህ ነው የምትጨብጠው? ከዚህ በፊት የሠራኸው ሁሉ ቢበዛ ያስቀኝ ነበር። ይሄ አያስቀኝም። ውረድ።

[ዓብዱላሂ መፍቻውን ያየዋል። ብሎኑን ያየዋል። ይወርዳል፤ መፍቻውን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል።]

ዓብዱላሂ፦ እሺ። በቅደም ተከተል እንየው። ፊልተር ማጠብ፣ የኔ ነው። ሪሞቱ ላይ ቁጥር ማስተካከል፣ ባትሪ መቀየር፣ የኔ ነው። መውጫው እንዳይታፈን በርበሬ ማስነሣት፣ እሱም የኔ ነው። የታሸገ ነገር መክፈት ግን፣ ጋዝ፣ የውስጥ ሽቦ... ደግሞ ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ እንደገና በረዶ የሚሠራ ከሆነ፣ እሱ የባለሙያ ነው።

ሐሊማ፦ ሱብሃነላህ። ይሄን አሁን ነው ያወቅኸው?

ዓብዱላሂ፦ ሁሌም አውቀዋለሁ። ተራው አልደረሰም ነበር። የዚያን ልጅ ስልክ አምጪ።

[ሐሊማ ስልኳን ከፍታ ታቀብለዋለች። ቁጥሩን ለመፈለግ ጊዜ አልወሰደባትም፤ ዓብዱላሂ ግን ይሄን ልብ አላለም።]

ዓብዱላሂ፦ [በስልክ] አሰላሙ ዓለይኩም። ቡሽራ ነህ? ዓብዱላሂ እባላለሁ... አዎ፣ ጊደር መጋላ፣ ቅመም ቤቱ። ወንድሜ፣ አንድ ኤሲ አለኝ። ሲከፈት ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ትንፋሹ ይጠፋል፣ በረዶ ይሠራል፣ ያንጠባጥባል... ፊልተሩ ታጥቧል። ወላሂ ንጹሕ ነው፣ ምግብ ይቀርብበታል... ከፊቱ? ከፊቱ ምንም የለም። ግድግዳው ብቻ ነው... አዎ፣ ግድግዳው ከኋላው ነው፤ ልክ ነህ። ከፊቱም ግድግዳው አለ... እንዴት ማለት ምን ማለት ነው? ሰፌዱ ነዋ።

[ነደባው ላይ የተቀመጠውን ሰፌድ ዞር ብሎ ያያል።]

ዓብዱላሂ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ትልቁ... አዎ፣ ቀይና ብጫው፣ ዳሩ ላይ ጥቁር ያለበት... [ቀስ ብሎ] ቡሽራ፣ አንተ ቀለሙን እንዴት አወቅኸው?

[ወደ ሐሊማ ይዞራል። ሐሊማ የምንጣፉን ጫፍ በጥንቃቄ ታስተካክላለች።]

ዓብዱላሂ፦ ማክሰኞ?... እዚህ?... እሷስ ምን አለችህ?... እሺ። እሺ ወንድሜ። ጀዛከላህ። [ስልኩን ዘግቶ ነደባው ላይ ይቀመጣል።] ቡሽራ ማክሰኞ እዚህ ቤት ነበር።

ሐሊማ፦ ነበር። አንተ ሱቅ ነበርክ።

ዓብዱላሂ፦ ሰፌዱን አንሥቶ አየው፣ "ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ አየር እንዲስብ ከፊቱም ከላዩም ክፍት ይሁን" ብሎ ሄደ።

ሐሊማ፦ ልክ እንደዚያ ነው ያለው። አንተ ካስረዳኸኝ ትንሽ ያጥራል።

ዓብዱላሂ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ሐሊማ፦ ማታ ስትመጣ ልነግርህ ጀምሬ ነበር። "ስለ ኤሲው" ስልህ "ላስረዳሽ" አልከኝ።

ዓብዱላሂ፦ ከዚያ በኋላስ?

ሐሊማ፦ ከዚያ በኋላማ እያስረዳኸኝ ነበር። እስካሁን።

ዓብዱላሂ፦ እና ሰፌዱን እያወቅሽ ነው የምታቀብዪኝ?

ሐሊማ፦ አንድም ቀን ሳላስፈቅድህ አልሸፈንኩትም። "ልሸፍነው?" እላለሁ፤ "ሸፍኚው" ትላለህ። ደግሞም "አየር በሰፌድ ያልፋል ወይ" ብዬ ጠይቄሃለሁ። ሳር ይተነፍሳል አልከኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰፋ ኖሬ፣ ሳር ሲተነፍስ አንተ ቤት ነው የሰማሁት።

[ዓብዱላሂ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ ቀና ይላል። ሰውዬው ሲወድቅም በቅደም ተከተል ነው።]

ዓብዱላሂ፦ እሺ። ምክንያቱ ታወቀ፤ ዋናው እሱ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ሰፌዱ ለነገ ይውረድ። ግድግዳሽ ትንሽ ይጎዳል፣ አውቃለሁ፤ እንግዶቹ ግን ቀዝቃዛ ቤት ይገባሉ። ቃሌንም እጠብቃለሁ።

ሐሊማ፦ ጥሩ። ታዲያ ለልጁ እናት አንተ ደውልላቸውና አስረዳቸው።

ዓብዱላሂ፦ ምኑን?

ሐሊማ፦ ትናንት ደውለውልኝ ነበር።

ዓብዱላሂ፦ [በጉጉት ወደ እሷ ተጠግቶ] ስለ ኤሲው ጠየቁ?

ሐሊማ፦ ባልሽ ማሽን አስገባ የተባለው እውነት ነው ወይ ብለው ነው የጀመሩት።

ዓብዱላሂ፦ ደርሷቸዋል ማለት ነው። እና?

ሐሊማ፦ እና ተጨንቀዋል። "እኛ የድሬ ሰዎች ሐረር ስንወጣ እንዲያውም ይበርደናል፤ እናቴ ደግሞ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ዓብዱላሂ ማሽኑን ይከፍትብን ይሆን? ብርድ ልብስ ይዘን እንምጣ ወይ?" አሉኝ።

[ኤሲው በሙሉ ኃይሉ ይነፍሳል። ዓብዱላሂ ሳያስበው የሐሊማን ሹራብ ጫፍ ወደ ጉልበቱ ይስባል።]

ዓብዱላሂ፦ አንቺስ ምን አልሻቸው?

ሐሊማ፦ ምንም አትያዙ አልኳቸው። ማሽኑ እርግጥ አለ፤ ግን የሚጠግነው ዓብዱላሂ ራሱ ስለሆነ በፍጹም አይበርዳችሁም አልኳቸው።

[ዓብዱላሂ ነገሩን ያጣጥመዋል። መናደድ እንዳለበት ያውቃል፤ ግን ዓይኑ ሪሞቱ ላይ አርፏል። ከቁጥሮቹ በታች፣ እስካሁን ያልነካት፣ ፀሐይ የምትመስል ትንሽ ሥዕል አለች። ሪሞቱን ወደ ዓይኑ ያቀርበዋል። ፊቱ ቀስ በቀስ እንደገና ይበራል።]

ዓብዱላሂ፦ ሐሊማ። ከቤት ሙቀት ለቅሞ ወደ ውጭ የሚጥል ማሽን፣ መንገዱን ብናዞረውስ? ከውጭ ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል ማለት ነው። አሮጊቷ ደረታቸው ሞቅ ብሎላቸው ሲቀመጡ ይታየኛል። አሁን የምሞክረው እሱን ነው። ነይ፣ መሰላሉን ያዢልኝ፤ እየሞከርኩ ላስረዳሽ።

ሐሊማ፦ ሞክረው፣ አቦ። እኔ ወጥቼ ለነገ እንግዶች ብርድ ልብሶቹን ላስጣ።